የተሳታፊ ሰባት የቁም ተዝካር

እናንተ ሰው ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ ፊቱን የሚታጠብ ይመስላችኋል። እኔ ስነሣ መጀመሪያ የማየው፣ ተኝቼ ሳለ ስሜን የጠራ ሰው መኖር አለመኖሩን ነው።

የማየው በስልኬ ነው። ቢቸና አስተማሪ ነኝ፤ አንድ ጥናታዊ ጽሑፍም ጽፌ ባሕር ማዶ ባለ መጽሔት ላይ አሳትሜአለሁ። ሌላ ተመራማሪ በራሱ ጽሑፍ ውስጥ «እገሌ እንዲህ ብሏል» ብሎ ካነሣኝ አንድ ጥቅስ ተቆጠረልኝ ማለት ነው፤ እኛ መምህራን ሳይቴሽን እንለዋለን። ጥቅሱ የሚቆጠርበትን ገጽ ስከፍተው ከጽሑፌ ርእስ ጎን አንዲት ክብ ዜሮ ቁጭ ብላለች። እኔም በረንዳዬ ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚወርደውን ጉምና ዜሮዋን አፈራርቄ አያለሁ። ጉሙ ረፋድ ላይ ይገፈፋል። ዜሮዋ ነቅነቅ አትልም።

አትሳቁ፣ በቁሜ ሕልም የማይ ሰው ነኝ። ጉሙ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ይታዩኛል። አገራቸው ኖርዌይ ነው፤ ለምን ኖርዌይ እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ሕልም ነው። ውጭ በረዶ ይዘንባል። እሳቸው እሳት ዳር ቁጭ ብለው የእኔን ጽሑፍ ያነባሉ፤ ስለ ጠላ የጻፍሁት ቦታ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ሚስታቸውን ይጠራሉ። «ይህ ሰው ማነው?» ይሏታል። እሷም መጥታ በትከሻቸው ላይ ታነባለች። እዚህ ስደርስ ብዙውን ጊዜ የጎረቤቴ አህያ ታናፋና ፕሮፌሰሩ ከነሚስታቸው ይጠፋሉ።

ጽሑፉ ስለ ቁም ተዝካር ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ካህናቱን ጠርቶ፣ ነዳያን አብልቶ፣ ሟቹን በስሙ ያስጠራዋል፤ ተዝካር ማለት ይኸው ነው። ልጅ የሌለው ሰው ግን «እኔ ከሞትሁ ማን ይደግስልኛል?» ብሎ ይሠጋል። ስለዚህ ገና በሕይወቱ የራሱን ተዝካር ይደግስና ከእንግዶቹ ጋር ቁጭ ብሎ ይበላል። ከቀረ ሰው ጋርም ይቀየማል፤ ይህ ለሙታን ያልተፈቀደ ትልቅ ጥቅም ነው።

የዚህ ጥናት ዋና ሰው የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ታከለ ናቸው። ሞጣ ይኖራሉ። ባለቤታቸው ዐርፈዋል፤ እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። ደግ ናቸው፤ ደግሞ እንደ ጎጃም ሽማግሌ ሁሉ ንግግር ያውቃሉ። የሚያስጨንቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስማቸው። ከእሳቸው ወዲያ «የታከለ ልጅ» ተብሎ የሚጠራ ሰው በዚህ ዓለም የለም። ለጥናቱ ሄጄ ቃላቸውን ቀድቼ ስጨርስ ፊታቸው ስላሳዘነኝ፣ «አይዞዎት አያ! ይህ ጽሑፍ ይውጣ እንጂ ስምዎን ዓለም ነው የሚጠራው» አልኋቸው። አፌን ቁርጥ ያድርገው።

«እንዲህ ከሆነማ» አሉ፣ «ተዝካሬን የማወጣ መጽሐፉ ሲወጣ ነው። ካህናቱ ፊት ይነበብልኛል።»

ስለዚህ ድግሱ የእኔን ጽሑፍ መጠበቅ ጀመረ። ጌሾው ተሰቅሎ፣ እህሉ ጎተራ ገብቶ፣ አንድ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ሽማግሌ እንዳይሞቱ እየተጠነቀቁ የመጽሔት አዘጋጆችን ይጠብቃሉ። አዘጋጆቹ ይህን ቢያውቁ ኖሮ ምናልባት ይፈጥኑ ነበር።

በመጨረሻ ወጣ። እኔም በደስታ ስልኬን አውጥቼ ላነበው ብል፣ ገጹ ወገቡ ላይ ተቆርጦ «ለመቀጠል ይክፈሉ» አለኝ። የራሴን ጽሑፍ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት እንዲህ ነው። ወዲያው አያ ታከለ ደወሉ።

«ወጣ አሉኝ?»

«ወጣ አያ።»

«ታዲያ አሳየኛ!»

«ተቆልፏል።»

«ማን ቆለፈው?»

«አሳታሚው።»

«ቁልፉስ?»

«በዶላር ነው።»

«ስሜን ውስጥ አስገብቶ ነው የቆለፈብኝ?» አሉ። «አዎ» አልሁ።

ችግሬን የነገርሁት ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛችን ለየሺ ነው። የሺ ሰው ማጽናናት አትችልበትም፤ እውነቱን ትናገርና ሻይ ትጋብዛለች።

«መምህር፣ በር ዘግተህ ደግሰህ ማንም አላመሰገነኝም ትላለህ እንዴ?» አለችኝ። «ክፈተዋ!»

ለካ አሳታሚው ራሱ፣ ያስረከብሁትን የመጨረሻ ረቂቅ በነጻ የሚነበብበት ቦታ ላይ እንዳኖር ፈቅዶልኛል። ኦፕን አክሰስ ይሉታል። በቀላሉ ሲነገር፣ አጥሩ ፈርሶ ማንም አላፊ አግዳሚ ገብቶ የሚያነብበት መንገድ ነው። የሺ እንደምትለው ክፍት የሆነ ጽሑፍ ከተዘጋው ይልቅ ይጠቀሳል። ሻዩን አብሮን ይጠጣ የነበረው የስታቲስቲክስ መምህራችን ግን አልተዋጠለትም። እሱ «ደህና አደርህ?» ብትሉት እንኳ «ከምን አንጻር?» የሚል ሰው ነው።

«ሰው የሚከፍተው የሚኮራበትን ጽሑፍ ነው» አለ። «ስለዚህ የተጠቀሰው ክፍት ስለሆነ ነው ወይስ ቀድሞውንም ጥሩ ስለነበረ? አይታወቅም።»

«ጥሩ ወጥስ ቢሆን ድስቱ ካልተከፈተ ማን ቀመሰው?» አለች የሺ።

እነሱ ሲከራከሩ እኔ ሄድሁ፣ ማለቴ በሐሳብ። ኖርዌይ በረዶው ቆሟል፤ የፕሮፌሰሩ በር ተከፍቷል፤ ሰው እየተጋፋ ይገባል።

ሚያዝያ ላይ የሺ ከፈተችልኝ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ብዬ ለማውቀውም ለማላውቀውም ሰው ሊንኩን ላክሁ። ጽሑፉን ወደ ስልኩ የሚያወርደው ሰው ብዛት ይጨምር ጀመር። በበጎ ዓይን ያላየሁት ሰው አልነበረም፤ ደመወዝ ከፋይዋን እንኳ «እንደምን ዋልሽ የኔ እመቤት» ብያት ደንግጣለች። የዓለም ሊቃውንት አንድ ላይ ቁጭ ብለው ሲያነቡኝ ይታየኝ ነበር። አንድ ቀን ግን የሺ አንባቢዎቹ ያሉበትን ካርታ ከፍታ አሳየችኝ። ነጥቦቹ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ተከምረዋል።

«ኖርዌይ ናት?» አልሁ።

«ሞጣ ናት» አለች።

የአክስቴ ልጅ ሊንኩን በሞጣ ልጆች የስልክ ግሩፕ ላይ ለጥፎት ኖሯል። እንግሊዝኛውን ያነበበው ስንቱ እንደሆነ አላውቅም፤ ያላወረደ ግን አልነበረም። ጥቅሱ አሁንም ዜሮ ነው። ሁሉም ገብቶ በላ እንጂ ስሜን ያነሣ የለም።

አያ ታከለ ግን ደስታቸው ወሰን አጣ። «ተከፈተ አሉኝ! ክረምቱ ይውጣ እንጂ ጥቅምት ላይ እደግሳለሁ። የእንግሊዝኛ አስተማሪው ይርጋ ወደ አማርኛ እየመለሰ ያነብልኛል። አንተ ከጎኔ ትቀመጣለህ።»

ጥቅምት ደረሰ። እኔም ቅዳሜ ጠዋት ከቢቸና ሚኒባስ ተሳፍሬ በመስኮት ዳር ተቀመጥሁ። ደብረ ወርቅን አለፍን። ጤፉ ሊሸት ነው፤ ነፋስ ሲነካው ሜዳው በሙሉ የሚተነፍስ ይመስላል። ዓይኔ ከብዶ ከሜዳው ጋር ስንሳፈፍ አያ ታከለ ዳሱ ሥር ነጭ ለብሰው ታዩኝ። ይርጋ ያነባል። ስማቸው ሊጠራ ነው። በሕልሜ ጆሮዬን ቀሰርሁ። ይርጋ አፉን ከፈተ… ምንም ድምፅ የለም። እዚያው ላይ ብንን ብዬ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

ስማቸው ጽሑፉ ውስጥ የለም!

በጥናት ሕግ ቃሉን የሰጠ ሰው እንዳይታወቅ ስሙ ይደበቃል። አያ ታከለን «ተሳታፊ ሰባት» ብያቸዋለሁ። ይህን ሕግ እኔ ራሴ ተማሪዎቼን አስተምራለሁ፤ ለሽማግሌው ቃል ስገባ የት እንደሄደብኝ እግዜር ይወቀው።

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህሁ።

መኪናው ጥግ ይዞ ቆመ። ግራ ቀኙ ጤፍ ብቻ ነው፤ ሰው ቀርቶ ፍየል የለም። ጥቂት ተመልክቼ፣ «ይቅርታ፣ ሐሳቤን ቀየርሁ» አልሁ።

«መምህር» አለ ረዳቱ በሩን እየዘጋ፣ «ሐሳብማ መኪናው እየሄደም ይቀየራል።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳሱ ጢም አለ። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ባረኩ፤ ተበላ፣ ተጠጣ። አያ ታከለ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ እኔን በቀኛቸው አስቀምጠው፣ ለይርጋ በአገጫቸው ምልክት ሰጡት። ይርጋ ስልኩን ከፍ አድርጎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተሳታፊ ሰባት፣ ወንድ፣ ዕድሜው ከሰባ በላይ፣ ልጅ የሌለው፣ እንዲህ ብሏል፦ ልጅ ያለው ሰው ስሙን በልጁ ጀርባ ጭኖ ይሰደዋል፤ እኔ ግን ስሜን ራሴው ተሸክሜ እዞራለሁ።»

«እሰይ!» አለ ዳሱ በሙሉ። «ይህን የተናገረ አፍ አይበላሽ!»

ይሄኔ ከወዲያ ጥግ አያ ጫኔ ብድግ አሉ። ጎረቤት ናቸው፤ እሳቸውንም አነጋግሬአቸው ነበር። «እኔ ነኝ የተናገርሁት!» አሉ።

«አያ ጫኔ፣ ልጅ የሌለው ነው'ኮ የሚለው» አለ ይርጋ። «እርስዎ ቤት የሞሉ ልጆች አሉዎት።»

«ያን ቀን አናደውኝ ነበር» አሉ አያ ጫኔ።

ከዚያ ወዲያ ዳሱ ተናወጠ። ሌላው ተነሥቶ ሰባት እኔ ነኝ አለ። አንዲት እናት ደግሞ «ተሳታፊ አራት ጎረቤቴ ቋጣሪ ናት ብላለች» የሚለውን ሰምተው፣ አራት ማን እንደሆነች ካልተነገረኝ አልቀመጥም አሉ። ሰው ሁሉ ቁጥሩን ይፈልግ ጀመር። «አንተ ስንት ነህ?» «እኔንጃ፣ ሁለት ሳልሆን አልቀርም።» ሁለት የተባለው ሰው ስለ ድግስ መጥፎ መናገሩ ሲነበብ፣ ሁለት መሆኑን ካደ። ስም የደበቅሁት ሰው በሰላም እንዲኖር ነበር።

አያ ታከለ ግን ከወንበራቸው አልተነሡም። ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ።

«ታከለ የሚለው የቱ ጋ ነው?»

«አያ… ሰባት ማለት እርስዎ ነዎት። የጥናት ሕግ ነው፤ ለደኅንነትዎ ብዬ ነው የደበቅሁዎት።»

«ከማን?»

«ከአንባቢ።»

«አንባቢውን አይደል እንዴ ስጠብቅ የኖርሁ?» አሉ። «ሰርቄአለሁ? ሰው ገድዬ ጫካ ገብቻለሁ? ስሜ ምን አደረገህ ልጄ?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱ ሰባት ብሎ ይዟቸዋል፣ ሞኙም አጠገባቸው ተቀምጧል። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልሁ። መሬቷ አልተከፈተችም፤ በምትኩ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። ሰው በዚህ ሰዓት ስልክ ያያል? እኔ አየሁ። ዜሮዋ የለችም። በቦታዋ አንድ ቆማለች።

«ተጠራ!» ብዬ ዘለልሁ።

«ማን ተጠራ?» አሉ አያ ታከለ፤ ዳሱም በሙሉ ወደኔ ዞረ።

ከፍቼ አነበብሁ። ኖርዌይ አይደለም፤ አንዲት በሌላ አገር ያለች ተመራማሪ ክፍቱን ጽሑፍ አግኝታ፣ ያችኑ የአያ ታከለን ንግግር ቃል በቃል ወስዳለች። መልሼ እየተረጎምሁ ጮክ ብዬ፣ «አድማሱ እንደጻፈው፣ ልጅ ያለው ሰው ስሙን በልጁ ጀርባ…» ካልሁ በኋላ አፌ ውስጥ ቀረ።

አድማሱ አባቴ ነው። ነፍሱን ይማረውና በዕድሜው ያጠናው ነገር ቢኖር የበሬ ጥርስ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፈረንጆቹ ከስም መጨረሻ ያለውን የቤተሰብ ስም አድርገው ይዘው፣ የሚጠሩት በእሱ ነው። እኛ ዘንድ መጨረሻ ያለው ደግሞ አባት ነው። የእኔ የራሴ ስም፣ ያን ሁሉ ጠዋት ጉም ውስጥ የጠበቅሁት፣ አንዲት ፊደልና ነጥብ ሆና ጥግ ላይ ቆማለች።

«አድማሱ?» አሉ አያ ታከለ። «ታናሼ? እሱ ይህን መቼ ተናገረ! አንደበት'ኮ አልነበረውም።» ከዚያ ጥቂት አሰቡና፣ «ልጅ ስላለው ነው» አሉ። ቁጣ የለበትም። ማንቆርቆሪያውን ከአስተናጋጁ እጅ ተቀብለው፣ ለእንግዶቻቸው ጠላ ሊቀዱ ሄዱ። እኔ ግን ያን ቀን ከልቤ አዘንሁ። የሰውየውን ብቸኛ ሀብት ወስጄ ለወንድማቸው የሰጠሁ መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ቀርቤ፣ «አያ፣ ሌላ አብረን እንጻፍ» አልኋቸው። «መደበቅ የለም። ከላይ የእኔና የእርስዎ ስም ይሆናል። ገና ከጅምሩም ክፍት ይሆናል።»

መጀመሪያ አላመኑኝም። ቆይተው ግን የጻፉት እሳቸው ናቸው ማለት ይቀላል። ክረምት በጋ ወደ ሞጣ ስመላለስ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እከትባለሁ። ችግራችን አንድ ብቻ ነበር፤ እኔ እንደ ምሁር ልማዴ «ይመስላል» ብዬ ስጽፍ ይቆጣሉ። «ምን ይመስላል ይላል! አንተ አላየህም እንጂ እኔ አይቻለሁ። ነው በል!» የሞተ በሬያቸውም ጽሑፉ መጨረሻ ያለው ምስጋና ውስጥ ካልገባልኝ ብለው፣ ገባ። አዘጋጆቹ «ሁለተኛው ጸሐፊ የሚሠሩበት ተቋም ይገለጽ» ሲሉን፣ አያ ታከለ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በላቸው» አሉኝ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ወጣ፤ በሩም ወለል ብሎ ተከፈተ።

ይኸኛው ጥቅስ አላጣም። የስታቲስቲክሱ መምህር አሁንም ንግግራቸው ስላማረ ነው ይላል፤ የሺ ክፍት ስለሆነ ነው ትላለች። ሻይ ቤቱ በእነሱ ክርክር አትርፏል። እኔ ግን የመጀመሪያዋን ጥቅስ በረንዳዬ ላይ ከፍቼ ሳነብ ሻይም ክርክርም ጠፋኝ። «አድማሱ እና ዳኘው» ትላለች።

አያ ታከለ አባታቸው ዳኘው ነው። ልክ እንደኔ፣ እሳቸውም ፊደልና ነጥብ ሆነዋል።

ያን ቀን ወደ ሞጣ ስሄድ ሕልም አልመጣልኝም። ይህን ሽማግሌ ሁለተኛ ጊዜ ስም ልነሳቸው ነው እያልሁ፣ መንገዱ ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ። ስደርስ አጥር ያድሳሉ።

«ተጠራን?» አሉ ገና ሲያዩኝ።

«ተጠራን አያ።»

«ምን ብሎ? ንገረኛ!»

«አድማሱ እና ዳኘው ይላል።» ቶሎ ብዬ ጨረስሁት። «የእርስዎ ስም እንደኔው አንዲት ፊደል ሆና ቀረች። ልማዳቸው ነው፤ የሚጠሩት አባት ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

መጥረቢያውን አጥሩ ላይ አስደገፉት። ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና ጥምጥማቸውን አወለቁ።

«ዳኘው ነው ያልኸኝ?»

«አዎ አያ።»

«አባቴ?»

«አባትዎ።»

«አባቴን'ኮ ያየ ሰው በሕይወት ካለ እኔ ብቻ ነኝ» አሉ። «ከዚህ መንደር ወጥቶ አያውቅም። በየት አገር ነው የጠሩት?»

ነገርኋቸው። ደግመው ጠየቁኝ፣ ደግሜ ነገርኋቸው። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ ከዚያ ሳይታሰብ እንደ ሕፃን ሣቁ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ልጅ የለኝም እያልሁ አለቀስሁ» አሉኝ። «ለካ እኔው ልጅ ነበርሁ።»